«ላንተ ብቻ ነው» የተባለ ጭማሪ

ኑሮስ? «ኑሮ» ስል ፊታችሁ ሲጨማደድ ታየኝ። ምን ላድርግ... ዛሬ የምናወራው እሱኑ ነው።

ለዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ የፍቅር ናቸው። «ትታኝ ሄደች»፣ «እናቱ አልወደደችኝም»፣ «ስደውል አያነሳም»... ሰሞኑን ግን መልካቸው ተቀይሯል። ፍቅረኛቸው ጥሏቸው ከሄደ ይልቅ ደመወዛቸው ወር ሳይጋመስ ጥሏቸው የሚሄድ በዝተዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል አንዷ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳችኝ። እስቲ አብረን እናንብባት፤ ስምና መሥሪያ ቤት አውጥቻለሁ።

«...ዕድሜዬ 26 ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደመወዜ 8,000 ብር ነው። ወደ ሃያ የምንሆን ሠራተኞች ነን። ኑሮው አላስቆም ስላለን ተሰባስበን ጭማሪ እንጠይቅ ብለን መክረን ነበር። ይኼን በተባባልን በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ለብቻዬ ጠራኝና 'ላንቺ 2,000 ብር ጨምሬልሻለሁ። ላንቺ ብቻ ነው። ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ እዚህ በሚወራው ወሬ ውስጥም እንዳላይሽ' አለኝ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የሷ ደመወዝ 7,000 ነው። እኔም አከራዬ ኪራይ ጨምሮብኛል፤ ብሩ በጣም ያስፈልገኛል። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ልቀበል ወይስ አልቀበል? እባክህን የዚህ ወር ፔሮል ሳይዘጋ መልስልኝ።»

ደብዳቤሽን ሳነብ ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ እህቴ? ላብ አሰመጠኝ። ምክንያቱም ይቺ ታሪክ የኔም ናት። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ እዚህ ላወጣው ነው። መካሪ ነኝ ብዬ ከመንበሬ ላይ ሆኜ ከምናገር፣ እንደ በደለኛ ብናገር ይሻላል።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው። አሥራ አራት ሠራተኞች ነበርን። የዚያን ዓመት ግንቦት ታስታውሳላችሁ? መንግሥት ራሱ ያወጣው አኃዝ እንኳ የዋጋ ንረቱን ከ30 በመቶ በላይ አድርሶት ነበር። እኛ ግን አኃዙን ከመስማታችን በፊት ምሳ ዕቃችን ነግሮናል። ድሮ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የሚከፈተው ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ፓስታ ያመጣ፣ አልጫ ያመጣ፣ ከበዓል የተረፈ ዶሮ ያመጣ... ቀስ በቀስ ሁሉም ሽሮ ሆነ። ቀጥሎ ሽሮው ራሱ ቀጠነ። ከዚያ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ ጭራሽ ምሳ ማምጣቱን ተወ። «ምነው?» ስንለው «ጾም ላይ ነኝ» ይላል።

ሁላችንም «እማዬ» የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ ነበሩን። አንድ ቀን ቀስ ብለው «ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው?» አሉት።

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። እማዬ ከምሳ ዕቃቸው ላይ እንጀራውን ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ወደሱ ገፋ አደረጉለት። እሱም አንገቱን ደፍቶ በላ። «ይኼ ነገርማ እንዲህ ሊቀጥል አይችልም» የተባባልነው ያን ዕለት ነው።

ደብዳቤ የመጻፉ ሥራ ለኔ ተሰጠ። ያው ብዕር ትወዳለህ ተብዬ። ለእያንዳንዳችን 1,000 ብር እንዲጨመርልን የሚጠይቅ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰው ፈረመ። እማዬ ፊርማ አልለመዱም፤ አውራ ጣታቸውን የማኅተም ቀለም ውስጥ ነክረው አሳረፉ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እግዚአብሔር ያሳካው» አሉ። ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት እንዲገባ ተስማማን።

ቅዳሜ ልንወጣ ስንል አለቃችን አስጠራኝ። «ጋሼ» ነበር የምንለው።

«ተቀመጥ ልጄ። ደብዳቤ ጽፈሃል አሉኝ።»

ምላሴ ደረቀ።

«አልተቆጣሁም። ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ነገ ትልቅ ቦታ ትደርሳለህ። ከዚህ ወር ጀምሮ 1,500 ብር ጨምሬልሃለሁ። ላንተ ብቻ ነው። ለሁሉም ልጨምር ብል ድርጅቱ ይዘጋል፤ ያኔ ሁላችሁም ሜዳ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ዝም በል። ዝም አይነቅዝም።»

በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰብኩ አልዋሻችሁም። የቤት ኪራዬን አሰብኩ። ለእናቴ በየወሩ የምልከውን አሰብኩ። ጫማዬን አየሁት። እማዬን አላሰብኩም። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ጓደኞቼ ሲጠብቁኝ «እኔ የምለው... ሰኔ 30 ሒሳብ እስኪዘጋ ትንሽ ብንታገሥስ? ጊዜው አልመሰለኝም» አልኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። የሚገርመው ሦስቱ ፈጥነው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። የቀሩት እርስ በርስ ተያዩና ወደየሥራቸው ሄዱ። ደብዳቤዋን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት።

በነሐሴ እማዬ የተከራዩባት ቤት ተጨመረባቸውና ወደ ከተማው ዳር ወጡ። ሁለት ታክሲ መያዝ ጀመሩ። የትራንስፖርቱ ሲቀነስ ከደመወዛቸው የሚተርፈው አላስኬድ ሲላቸው ሥራውን ተዉት። የመጨረሻ ቀን ሁላችንንም እየዞሩ ሳሙን። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ወረቀት ባትጽፋት ይሻል ነበር። እኔ'ኮ ተስፋ አድርጌባት ነበር።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያዣችን ሥራ ሲለቅ ማኪያቶ ጋበዝነው። ወጉ ሲሞቅ «አሁን እንግዲህ ለቅቄያለሁ፤ ልንገራችሁ» አለና ጉዱን ዘረገፈው። ለካ ለብቻው የተጠራው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አራት ነን! ለኔ 1,500፣ ለአንዱ 1,200፣ ለሌላው 800፣ ለአራተኛው 500። ለአራታችንም የተነገረው ቃል አንድ ነው፦ «ላንተ ብቻ ነው።» ሰኞ ዕለት «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ያሉት ሦስቱ እነማን እንደነበሩ እንግዲህ ገመቱ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዘጠኛችን የጠየቅነው በወር 9,000 ብር ነበር። ጋሼ ያወጡት 4,000 ነው። በየወሩ 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር ተረፋቸው ማለት ነው። እማዬ 1,000 ብር ቢጨመርላቸው ኖሮ የታክሲያቸውን ይሸፍን ነበር። የኔ ዝምታ የተገዛው በ1,500 ብር ነው፤ ግማሹን ዋጋ የከፈሉት ግን እማዬ ናቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደመወዝ አንድ ቀን አዘግይተው አያውቁም። ለቅሶ ሲደርስብን ድንኳን ድረስ ይመጡ ነበር። ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ በርካሽ ሲገኝ በውድ አይገዙም። በርካሽ የቀረብንላቸው እኛ ነን። እያንዳንዳችን ለብቻችን ስለቀረብን።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልመለስ እህቴ።

መጀመሪያ ብሩን በደንብ እንቁጠረው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ግን ሰው የራሱ ጉዳይ ሲሆን መደመር ይረሳል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እርከን በእርከን 15፣ 20፣ 25 እያለ እስከ 35 በመቶ ይወጣል። በ8,000 ብር ደመወዝሽ ላይ የሚቆረጠው ግብር 1,150 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 560 ብር። እጅሽ የሚገባው 6,290። ደመወዝሽ 10,000 ሲሆን ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 700 ይሆንና እጅሽ የሚገባው 7,650 ነው። ስለዚህ «2,000 ጨመርኩልሽ» የተባልሽው እጅሽ ላይ ሲደርስ 1,360 ብር ነው። ዝምታሽ የተገመተው በዚህ ነው።

ይኼን የምልሽ ብሩን ለማናናቅ አይደለም። 1,360 ብር ለኔም ለአንቺም ብር ነው። ግን ሰው ስንት እንደተከፈለው ሳያውቅ ምን እንደሸጠ ማወቅ አይችልም።

ሌላም ማወዳደሪያ አለሽ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ጀማሪ ባለ ዲግሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ነው ያደገው። ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000። ማሻሻያው የግል ድርጅትን አያስገድድም። ግን አንቺ የሦስት ዓመት ልምድ ይዘሽ፣ ጭማሪው ተደምሮልሽም፣ ገና ዛሬ ከሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ በታች ነሽ። ይኼ ቁጥር ሥራ አስኪያጅሽ ፊት ከእንባ የበለጠ ይናገርልሻል።

ደግሞ «ዶላሩ ነው፣ እኛም ተቸግረናል» ይሉሻል። እውነት አላቸው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአስመጪም የአምራችም ወጪ ንሯል። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ዶላር ሲጨምር የሚሸጡት ዕቃ ዋጋ ጨምሯል አይደል? የዕቃው ዋጋ ከገበያው ጋር እኩል ሲራመድ የሠራተኛው ዋጋ ብቻ ለምን ባለበት ይቆማል? ይኼን በጨዋ ደንብ፣ ድምፅ ሳይጨምሩ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ልቀበል ወይስ አልቀበል ነው ያልሽኝ። መልሴ ይኼ ነው፦ ጭማሪውን ተቀበዪ፤ ዝምታውን አትሽጪ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለቆች አንድ ፖስታ ውስጥ አድርገው ስለሚሰጡን ነው አንድ የሚመስሉን።

ሄደሽ እንዲህ በያቸው፦ «ለጭማሪው አመሰግናለሁ፤ በሥራዬ ይገባኛል ብዬም አምናለሁ። እባክዎ በደብዳቤ ይሰጠኝ። ጓደኞቼ በሚጠይቁት ነገር ግን እንዳልገባ ቃል ልሰጥዎ አልችልም።» በቃ። ስድብ የለ፣ ፉከራ የለ። በደብዳቤ ማለትሽ ደግሞ ለወግ አይደለም። በቃል የተጨመረ ደመወዝ በቃል ይቀነሳል።

«እንግዲያው ጭማሪውም ቀርቷል» ቢሉሽስ? ያኔ አንድ ነገር ተረዳሽ ማለት ነው፦ ጭማሪው የሥራሽ ዋጋ አልነበረም፤ የአፍሽ መዝጊያ ነበር። ያ ቀን ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ኪራይሽን እኔ አልከፍልልሽም፤ ከዚህ ከወንበሬ ላይ ሆኜ «ጀግና ሁኚ» ማለት ቀላል ነው። እኔ የምችለው የከፈልኩትን ዋጋ መንገር ብቻ ነው። ያቺ 1,500 ብር ሁለት ወር ሳይሞላት ዘይትና በርበሬ ውስጥ ገብታ ጠፋች። የእማዬ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በነገራችን ላይ ስለ ኪራዩም አንድ ነገር ልበልሽ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አከራይ በፈለገ ጊዜ የፈለገውን ያህል እንዲጨምር አይፈቅድም፤ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ውልሽን አውጥተሽ እዪው።

ቀጥሎ ደግሞ ለሁላችሁም፣ ይኼን ገጽ ለምታነቡ ደመወዝተኞች። በጋራ መጠየቅ ማለት ግር ብሎ ቢሮ መግባት አይደለም። እኛ የጎደለን ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ አያያዙንም አናውቅበትም ነበር። ኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄውን አንድ ሰው አይያዘው። እኔ ብቻዬን ስለያዝኩት እኔን መግዛት በቂ ነበር። ሦስት ሰው ምረጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ዝቅተኛ ተከፋይ ይሁን። እማዬ ተወካይ ቢሆኑ ኖሮ ያቺ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አትቀርም ነበር። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ይጻፍበት። ለማንም የተለየ ጭማሪ ቢቀርብለት ለሌሎቹ እንዲናገር አስቀድማችሁ ቃል ተገባቡ። ይቺን ብቻ አድርገን ቢሆን ኖሮ የአራታችን ምስጢር አንድ ቀን አያድርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። «ኑሮ ተወደደ» ማለት ለማንም ዜና አይደለም። የዛሬ ዓመት ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርትና ለአስቤዛ ስንት ታወጡ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደምታወጡ በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት። ድርጅቱ ያተረፈበትን፣ ሥራው የጨመረበትን፣ የለቀቁ ሰዎችን ሥራ ደርባችሁ የምትሠሩትንም ጻፉ። አለቃ የሚያዝነው ለቁጥር ነው።

ሦስተኛ፣ በመቶኛ ከመጠየቅ እኩል ብር መጠየቁን አስቡበት። ለሁሉም «10 በመቶ» ሲባል ፍትሐዊ ይመስላል። ግን 7,000 ለሚያገኘው 700 ብር፣ 30,000 ለሚያገኘው 3,000 ብር ነው። ዘይቱን ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ዋጋ ነው።

አራተኛ፣ ሁለተኛ አማራጭ ይዛችሁ ግቡ። ድርጅቱ በእርግጥ ካልቻለ ዛሬ ግማሹን፣ ከስድስት ወር በኋላ ግማሹን ማለት ይቻላል። ምሳ፣ ሰርቪስ፣ ሕክምና መጠየቅ ይቻላል። «እሺ» ሲሉ ደግሞ ቀኑ በጽሑፍ ይሁን።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙዎቻችን ሕግ የሚባለው ከተባረርን በኋላ የምንሰማው ነገር ይመስለናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ የወጣ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የራሱ ሌላ ሕግ አለው። በዚህ አዋጅ መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። እኛ አሥራ አራት ነበርን፤ አላወቅንም። እናንተ ሃያ ናችሁ፤ አሁን አወቃችሁ። ቅሬታ ማቅረብም ሆነ የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለመባረር በቂ ምክንያት እንደማይሆን ሕጉ በግልጽ አስቀምጧል። በጋራ የቀረበ የደመወዝ ጥያቄ ስምምነት ካጣ በአስማሚ በኩል ይታያል፤ እዚያ ካልተፈታ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። ሥራ ማቆም ራሱ ሥርዓት አለው፤ ቢያንስ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በንዴት ማክሰኞ ጠዋት የሚደረግ ነገር አይደለም።

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልስ? አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ እንዲወስን ደንግጓል፤ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል አልነበረም። ስለዚህ «ከዚህ በታች መክፈል ክልክል ነው» ብላችሁ ልትከራከሩ አትችሉም። ወለል በሌለበት ቤት ውስጥ የሚያቆመው እርስ በርስ መያያዝ ነው።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ጭማሪ እየለመንን መብታችን የሆነውን መተዋችን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያን ነው የምለው። ቀን ላይ፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ከግማሽ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ነጥብ 75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። አንቺ ደመወዝሽ 8,000 ሲሆን በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብናሰላው የሰዓትሽ ዋጋ 38 ብር ከ46 ሳንቲም ገደማ ነው። ፔሮል ለመዝጋት በወር 10 ሰዓት ብታመሺ 577 ብር ገደማ ይገባሻል። ይኼ ልመና አይደለም፤ ዕዳ ነው። ግን አትዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያመሻችሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ያዙ።

የማትሠሯቸው ሦስት ስሕተቶች ደግሞ አሉ። ሌላ ሥራ ሳታገኙ «ሌላ ቦታ 15,000 ብለውኛል» ብላችሁ አታስፈራሩ፤ «መልካም ዕድል» የተባላችሁ ቀን መግቢያ ታጣላችሁ። ተናዳችሁ በዚያው ቀን ጥላችሁ አትውጡ፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለባችሁ፤ ስትለቁም የሥራ ልምድ ደብዳቤ የመቀበል መብት አላችሁ። ሦስተኛ፣ የጓደኛችሁን ደመወዝ እያነሳችሁ «እሷ ይኼን እያገኘች እኔ...» አትበሉ። ጥላችሁ ከሷ ጋር አይደለም፤ እንደዚያ ስትሉ ጨዋታው ለአለቃ ይመቻል።

አንዳንዶቻችሁ «በኛ አገር በጋራ ተጠይቆ የተገኘ ነገር አለ?» እንደምትሉ ገመትኩ። አባቶቻችሁን ጠይቁ። በየካቲት 1966 ነዳጅ ሲወደድ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ወጡ፤ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ለአራት ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ታሪክ ነው፤ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለተረት ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

እና እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን ጓደኛሽን ሻይ ጋብዣትና ንገሪያት። «ተጠርቼ እንዲህ ተባልኩ» በያት። መጀመሪያ ፊቷ ሊለወጥ ይችላል። ታገሺያት። ከዚያ ምን ልትልሽ እንደምትችል ልንገርሽ? «እኔንም ጠርተውኝ ነበር» ልትልሽ ትችላለች። ያኔ ሁለታችሁም ዓይናችሁ ይገናኛል። ባትጠራም፣ ቢያንስ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ሰማችው። እኔ ይቺን ሻይ ሳልጋብዝ ነው የቀረሁት።

ያቺ ደብዳቤ አሁንም እቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለች። ስምንት ፊርማና አንድ የአውራ ጣት አሻራ። ፊርማዎቹ ደብዝዘዋል፤ የአሻራው ቀለም ግን እንዳለ ነው። እማዬ የት እንደገቡ ሰው ጠይቄ አላገኘኋቸውም። ምናልባት ከልጆቻቸው አንዱ ይኼን ገጽ ያነብላቸው ይሆናል። እማዬ፣ ያቺን ወረቀት መጻፌ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ አለማስገባቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ለዛሬው በዚህ ላብቃ። እናንተም «ላንተ ብቻ» ወይም «ላንቺ ብቻ» የተባላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ስማችሁን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ደመወዛችሁን ያበርክትላችሁ!